4ኤ-ኤፍኢ በአዲስ አበባ፦ የአሮጌው ኮሮላ ሞተር ከወራት አገልግሎት በኋላ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ የተሠራ፣ 4ኤ-ኤፍኢ የሚባለው ባለ 1.6 ሊትር ሞተር ያለበት የቶዮታ ኮሮላ ይዞ ጋራዥ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚሰማው ፍርድ አንድ ነው፦ «ሞተሩ አልቋል፣ ይውረድ»። ወራት ሙሉ በየቀኑ በከተማ ዳገትና መጨናነቅ ከተነዳ በኋላ ስለዚህ ሞተር ያለኝ አስተያየት ግን ሌላ ነው። በ4ኤ-ኤፍኢ ላይ ከብረቱ ቀድሞ የሚያረጀው ሲልና ኦሪንጉ (ዘይት እንዳያመልጥ የሚይዙት ጎማዎች) ነው፤ ከሁሉም ቀድሞ የሚሳሳተው ደግሞ ምርመራው።

ሞተሩ 1587 ሲሲ፣ አራት ሲሊንደር፣ 16 ቫልቭ ነው። የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ምት 77 ሚሊሜትር ሲሆን የመጭመቂያው ምጣኔ 9.5 ለ1 ነው። ብሎኩ ብረት፣ ቴስታታው (ቫልቮቹ ያሉበት የሞተሩ ራስ) አሉሚኒየም። ቺንጋው (የሞተሩ የውስጥ ቀበቶ) የሚያዞረው አንዱን ካምሻፍት (ቫልቮቹን የሚከፍተውን ዘንግ) ብቻ ነው፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው በጥርስ ይዞራል። ኤኢ92፣ ኤኢ101 እና ኤኢ111 በሚባሉት የኮሮላ ትውልዶች ላይ ገብቷል። በመጨናነቅ ውስጥ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከከተማ ውጭ ረጋ ተብሎ ሲነዳ 13 ወይም 14 ይሄዳል። ለዕድሜው አያሳፍርም።

ጉልበቱን ለመገምገም ከፍታውን ማሰብ ያስፈልጋል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠረፉ ሩብ ያህል ይጎድላል፤ ቱርቦ የሌለው ሞተርም ጉልበቱን በዚያው ልክ ያጣል። አራት ሰው ጭኖ ወደ እንጦጦ በሁለተኛ ማርሽ መውጣቱ ጤነኛነቱን አያጠራጥርም።

ትልቁ ስህተት የሚሠራው ግን ኮምፕሬሽን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ የሚጨመቀው አየር ግፊት፣ ሲለካ ነው። የፋብሪካው መጽሐፍ ጤነኛ ሲሊንደር 190 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) አካባቢ፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ ደግሞ 142 ይላል። ይህ ለባሕር ጠረፍ የተጻፈ ቁጥር ነው። የአዲስ አበባን አየር ጨምቆ የሚያነብ ጌጅ እንደ አዲስ በሆነ ሞተር ላይ እንኳ የሚያሳየው 145 አካባቢ ነው። በሌላ አነጋገር እዚህ ያለ ፍጹም ጤነኛ ሞተር በመጽሐፉ ቢዳኝ የሞት ጠርዝ ላይ ያለ ይመስላል፤ 130 ያነበበው ደግሞ «ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል» ይባልና ይወርዳል። በስሌት ሲቀየር የእዚህ ዝቅተኛ ወሰን ወደ 110 ይጠጋል። ከቁጥሩ ይልቅ የሚታመነው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው፤ መጽሐፉ የሚፈቅደው 14 ፒኤስአይ ነው። አራቱም 130 ቢያነቡ ሞተሩን አትንኩት። ሦስቱ 135 ሆነው አንዱ 95 ከሆነ ግን ሥራ አለ።

አለካኩም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሞተሩ ሞቆ፣ አራቱም ካንዴላ ወጥቶ፣ የዲስትሪቢውተሩ (ለካንዴላዎቹ እሳት የሚያከፋፍለው) ሶኬት ተነቅሎ፣ አንድ ሰው ቤንዚኑን እስከ ወለሉ ረግጦ ይዞ ነው የሚለካው። ፔዳሉ ካልተረገጠ አየር አይገባም፣ ጌጁም ይዋሻል። ባትሪው ደካማ ከሆነም እንደዚያው። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው፤ ንባቡ ከፍ ካለ ፋሻ ወይም ሲሊንደር፣ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቭ ወይም የቴስታታ ጓርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መካከል ያለው ንጣፍ) ነው። ቫልቭ ከሆነም ወዲያው ቴስታታ አይነሣም። ይህ ሞተር የቫልቭ ክፍተቱ በሺም (በቀጭን የብረት ሳህን) የሚስተካከል ነው፤ ራሱን አያስተካክልም። ክፍተቱ በቀዝቃዛ ሞተር በማስገቢያው 0.15 እስከ 0.25 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ የማስወጫው ከዚያ ሰፋ ይላል፣ ትክክለኛው ቁጥር እንደ ሞዴሉ ዓመት ስለሚለያይ ከመጽሐፉ ይታያል። ሺሞቹ በ0.05 ሚሊሜትር ልዩነት ይገኛሉ። ክፍተቱ የጠበበ ቫልቭ ሲሞቅ በደንብ አይዘጋም፣ ኮምፕሬሽን ያስወጣል፣ ቆይቶም ይቃጠላል። አሳዛኙ ነገር የጠበበ ቫልቭ ድምፅ አለማሰማቱ ነው፤ ሰው የሚጨነቀው በሚንኳኳው ነው፣ ሞተሩን የሚጎዳው ግን ዝም ያለው።

ወደ ጭሱ እንምጣ። ሌሊቱን ቆሞ ጠዋት ሲነሣ፣ ወይም ረጅም ቁልቁለት ተወርዶ ቤንዚን ሲረገጥ ሰማያዊ ጭስ ካሳየ በኋላ የሚጠራ ከሆነ የቫልቭ ሲሎቹ ደርቀዋል። 16 ናቸው፤ ቴስታታው ሳይነሣ በሲሊንደሩ ውስጥ በካንዴላው ቀዳዳ አየር እየተሞላ መቀየር ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ በጥርስ የሚዞረው ካምሻፍት ጥርሱ በስፕሪንግ የተወጠረ ድርብ ስለሆነ ከመውጣቱ በፊት በ6 ሚሊሜትር ብሎን መታሰር አለበት። ካምሻፍቱ ቀጥ ብሎ እኩል ካልተነሣ ቴስታታውን ሊሰነጥቀው ይችላል። የካምሻፍቱ ክዳኖች ብሎን የሚጠብቀው በ13 ኒውተን ሜትር ነው፤ ይህ በእጅ ስሜት ሲታይ «ገና አልጠበቀም» የሚያሰኝ ጥብቀት ስለሆነ ብዙ ሰው አልፎ ያጠብቅና የአሉሚኒየሙን ጥርስ ይበላዋል። ጭሱ በጉዞ ላይ ሳይቋረጥ የሚከተል ከሆነ ግን የዘይት ፋሻው በካርቦን ተጣብቋል ወይም አልቋል፤ ያኔ «ይውረድ» ያለው መካኒክ ትክክል ነው።

ዘይት ከውጭ ሲንጠባጠብም ሌላ የተለመደ ስህተት አለ። ከሞተሩና ከካምቢዮው መገጣጠሚያ ዘይት ከታየ «የኋላ ሲል» (የክራንክ ሻፍቱ፣ ማለትም የሞተሩ ዋና ዘንግ፣ የኋላ ሲል) ተብሎ ካምቢዮ ይወርዳል። ዲስትሪቢውተሩ የተቀመጠው በዚያው ጎን፣ በቴስታታው ጫፍ ላይ ነው፤ ኦሪንጉ ሲደርቅ ዘይቱ በጀርባ ተንሸራቶ ካምቢዮው ላይ ይወርዳል። ቦታውን በቤንዚን አጥቦ፣ አድርቆ፣ አንድ ቀን ነድቶ ከላይ ወደ ታች መመልከት በቂ ነው። ዲስትሪቢውተሩ በሁለት ብሎን ይወጣል፤ ከመውጣቱ በፊት ቦታውን በጭረት ምልክት ማድረግ እንዳይረሳ። የካንዴላ ጉድጓዶች በዘይት ሲሞሉ ደግሞ ጥፋቱ ከቴስታታው ክዳን ጓርኒሲዮን ጋር የሚቀየሩት የቱቦ ሲሎች ነው። ዘይቱ የካንዴላ ገመዱን ያበላሸዋል፤ የእያንዳንዱ ገመድ ተቃውሞ ከ25 ኪሎ ኦም መብለጥ የለበትም።

ከዲስትሪቢውተሩ ሳንወጣ፦ ማብሪያው (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበት ጊዜ) በሚኒሞ (ቤንዚን ሳይረገጥ ሞተሩ ሲዞር) 10 ዲግሪ ላይ የሚስተካከለው በመመርመሪያ ሳጥኑ ውስጥ ቲኢ1 እና ኢ1 የሚባሉት ቀዳዳዎች በሽቦ ከተገናኙ በኋላ ብቻ ነው። ያለ ሽቦው ኮምፒውተሩ ራሱ ማብሪያውን ስለሚያንቀሳቅሰው «በጆሮ አስተካከልኩት» ማለት ምንም ማለት አይደለም። ይኸው ሽቦ ሞተሩ ሳይነሣ ቁልፉ ሲከፈት የብልሽት ኮዱን በዳሽቦርዱ መብራት ያስቆጥራል፦ 22 የውሃ ሙቀት ሴንሰር፣ 31 ማፕ ሴንሰር (ወደ ሞተሩ የሚገባውን አየር ግፊት የሚለካው)፣ 41 የስሮትል (የአየር ማስገቢያው በር) ሴንሰር። ኮድ 31 ሲመጣ ሴንሰር ከመግዛት በፊት ከኢንቴክ (ከአየር ማስገቢያው) ወደ እሱ የሚሄደውን ቀጭን ጎማ ቱቦ ማየት ይቀድማል፤ ተሰንጥቆ የሚገኘው እሱ ነው። የሴንሰሩ ቮልቴጅ በእኛ ከፍታ ከመጽሐፉ ዝቅ ማለቱም ብልሽት አይደለም።

ሙቀት ላይም ከፍታው ያሳስባል። ክዳኑ ግፊት የማይዝ ራዲያተር ውስጥ ያለ ውሃ አዲስ አበባ ላይ 92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ፋኑ እንዲነሣ የሚያዘው ስዊች ደግሞ የሚሠራው 93 ላይ ነው። ስለዚህ የላላ የራዲያተር ክዳን ብቻውን፣ ሌላው ሁሉ ደህና ሆኖ፣ መኪናውን መንገድ ላይ ያፈላዋል። ቴርሞስታቱን (ውሃው እስኪሞቅ መንገዱን የሚዘጋውን) አውልቆ መጣል ልማድ ሆኗል፤ መፍትሔ አይደለም፤ ሞተሩ ሳይሞቅ ስለሚነዳ ቤንዚን ይበላል፣ ዘይቱም ቶሎ ይበላሻል። በ82 የሚከፈተውን መልሶ መግጠም ነው። ፋኑ ደህና መሆኑን ለማወቅ ቁልፉ ተከፍቶ የስዊቹ ገመድ ይነቀል፤ መዞር አለበት። ውሃው ሲጎድል ሚኒሞው ከፍ ዝቅ ማለት ከጀመረም አትገረሙ፤ በተለይ በቀድሞዎቹ ሞዴሎች ላይ ስሮትሉ ሥር ያለው አየር ማሳለፊያ የሚሞቀው በዚያው ውሃ ነው።

ቺንጋው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል። ቢበጠስ መኪናው ይቆማል እንጂ ቫልቭና ፒስተን አይጋጩም፤ የዚህ ሞተር ትልቁ ጸጋ ይህ ይመስለኛል። የውሃ ፓምፑ በውጭው ቺንጋ ስለሚዞር ከዚህ ሥራ ጋር የግድ አይቀየርም፤ የካምሻፍቱና የክራንክ ሻፍቱ የፊት ሲሎች ግን ከተከፈተ አይቀር አብረው ይቀየሩ፤ ዘይት የነካው አዲስ ቺንጋ ዕድሜ የለውም።

የሞተር ዘይት ከፊልትሮው ጋር 3 ሊትር ከትንሽ ነው። ባለ 4 ሊትሩን ጀሪካን ሙሉውን መገልበጥ ሲሎቹን ለማስተፋት ራሱን የቻለ መንገድ ነው፤ የዘይት መለኪያውን ዘንግ እያዩ ማቆም ነው። ካንዴላው 0.8 ሚሊሜትር ክፍተት፣ 18 ኒውተን ሜትር ጥብቀት።

በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪኖች ላይ ኤክሳይዝ ታክስ ከከበደ፣ በ2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከታገደ ወዲህ እነዚህን ሞተሮች መጠገን ከመተካት የረከሰ ነው። መተካቱ ግድ ሆኖ ሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ያገለገለ ሞተር ሲመረጥ «ሊን በርን» የሚባለው የ4ኤ-ኤፍኢ ዓይነት አለመሆኑን አረጋግጡ፤ ከውጭ ይመሳሰላል፣ ኮምፒውተሩና ኢንቴኩ ግን የተለየ ስለሆነ በተራው ገመድ አይሠራም። የሞተሩ ቁጥርም ሊብሬ ላይ ካልተለወጠ ለቦሎ ምርመራ ሲቀርብ መመለሱ ስለማይቀር የግዢውን ሕጋዊ ሰነድ ከሻጩ ሳትቀበሉ ገንዘብ አትክፈሉ።