ስም ላይ የሚወላገድ የስኪማ መፈተሻ

ፒያሳ ያለው ቢሯችን የኤክስኤምኤል ስኪማ (በምልክት እየታጠረ የሚጻፍ የመረጃ ሰነድ ምን መምሰል እንዳለበት የሚደነግግ ፋይል) መፈተሻ ሶፍትዌር ገዛና «እስቲ ሞክሪው» ተባልኩ። ስሙን አልጠራም። መልኩ ያምራል፣ ፍጥነቱም አይታማም፤ ጣጣው ስም ላይ ነው።

ኔምስፔስ (ስሞች እንዳይምታቱ በአድራሻ መልክ የሚሰጥ መለያ) እንደ አባት ስም ነው፤ ቢሮ ውስጥ ሁለት አበበ ካለ በአባት ይለያሉ። ከፊት የሚለጠፈው ፕሪፊክስ ግን ቁልምጫ ብቻ ነው፣ አቤም በሉት አቡዬ ሰውዬው ያው ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ስኪማው ላይ አንድ ፕሪፊክስ፣ ሰነዱ ላይ ለዚያው አድራሻ ሌላ ሰጠሁ። አለፈ። ጎበዝ ብዬ ማኪያቶዬን አዘዝኩ። ቀጥዬ ስኪማው ውስጥ፣ የአንድን ኤለመንት (ስም ያለው የሰነድ ክፍል) አይነት በሚናገረው ታይፕ በተባለው አትሪቢዩት (ባህርይ) ዋጋ ላይ ካለው ስም ፕሪፊክሱን አነሳሁና ነባሪው ኔምስፔስ (ፕሪፊክስ ለሌለው ስም የሚሠራው) እንዲፈታው ተውኩት። ደንቡ ይፈቅዳል። ሶፍትዌሩ ግን «አይነቱ አልተገኘም» ብሎ ድርቅ አለ፣ አይነቱ እኮ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ ቁጭ ብሏል!

በመጨረሻ ኤለመንቱን በአማርኛ «ደረሰኝ» አልኩት። «የማይፈቀድ ፊደል» አለኝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልራራለት፤ እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣው ኤክስኤምኤል 1.0 ግዕዝን በይዘት ውስጥ እንጂ በኤለመንት ስም አይቀበልም ነበር፣ በር የከፈተለት የ2008ቱ አምስተኛ እትም ነው። ግን ከ2008 ወዲህ ስንት ዓመት ሆነው?

በነፃ የሚገኘው ኤክስኤምኤልሊንት የተባለ መፈተሻ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፈተናዎች ሳያንገራግር አለፈ። አለቃዬ ግን የዓመቱን ከፍሎ ጨርሷል።