ኤኤ ሚቲንግ ስልቨር ስፕሪንግና ዲሲ አካባቢ፣ ለሀበሻ ይሆናል ወይ?

4 ኮከብ ሰጥቻለሁ፣ አምስተኛዋን ለምን እንዳስቀረኋት ታች ታገኙታላችሁ። ሀበሻ ስለ ምግብ ቤቱ ስለ መካኒኩ ስለ ታክስ ሰሪው ሁሉ ይጽፋል፣ መጠጥ ማቆም የፈለገ ሰው የት ይሂድ ሲባል ግን ጭጭ ነው፣ ስለዚህ ስለ ኤኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ፣ መጠጥ ማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ተሰብስበው የሚረዳዱበት ማኅበር) እኔ ልጻፈው።

ማግኘቱ አይከብድም። ሚቲንግ ጋይድ የሚባል የኤኤ የራሱ አፕ አለ፣ በነፃ ነው፣ ያላችሁበትን ቦታ አይቶ ዛሬ በስንት ሰዓት የት እንዳለ ያወጣላችኋል። ለዲሲና ለአጠገቡ ሜሪላንድ የዋሽንግተን ኤርያ ኢንተርግሩፕ (የአካባቢው የኤኤ ቢሮ) ዌብሳይትም አለ። "ኦፕን" የሚል ካያችሁ ማንም ገብቶ ማዳመጥ ይችላል፣ ወንድም እህት ጓደኛ ይዛችሁ መሄድ ትችላላችሁ፣ "ክሎዝድ" ከሆነ ግን ራሱ መጠጥ ማቆም ለሚፈልግ ሰው ብቻ ነው። ለመጀመሪያ ቀን ኦፕን ይሻላል ባይ ነኝ።

ዋጋው ዜሮ። ምዝገባ የለ፣ ኢንሹራንስ የለ፣ መታወቂያ የሚጠይቅ የለ። መሀል ላይ ቅርጫት ይዞራል፣ ሰው አንድ ሁለት ዶላር ጣል ያደርጋል፣ አዲስ ሰው ባይሰጥ ማንም ነገሬ አይለውም። ከውጭ መዋጮ ስለማይቀበሉ ኪራዩም ቡናውም ከዛችው ነው የሚወጣው (ቡናው ቡና እንዳይመስላችሁ፣ ግን እጃችሁ የሚይዘው ነገር ስለሚያገኝ ተቀበሉ)።

አሁን ወደኛ ጭንቀት። "የሚያውቀኝ ሰው ቢያየኝስ፣ እሁድ ቤተክርስቲያን ሳልደርስ ወሬው ቢቀድመኝስ?" እዛ የሚነገረው የመጀመሪያ ስም ብቻ ነው፣ ተራ ሲደርሳችሁም "ፓስ" ብላችሁ ማለፍ ትችላላችሁ። ሀበሻ ቢገጥማችሁ ደግሞ እሱም የመጣበት ጉዳይ ያው ነው፣ እናንተን ላማ ቢል መጀመሪያ የራሱን ማውራት አለበት።

እኔን የያዘኝ ነገር ግን ሌላ ነው፣ እዛ ማንም አይመክርም። እኛ ጋ የሚጠጣ ሰው ምክር አይቸግረውም፣ እናት ታለቅሳለች፣ ሽማግሌ ይላካል፣ "ተው እንጂ የሰው ልጅ አይደለህም ወይ" ይባላል፣ ከዛ ሰርግ ላይ እነዛው ሰዎች "ዛሬማ አንድ ብቻ" እያሉ ይቀዱለታል። ለሁዳዴ 55 ቀን አቁሞ ለፋሲካ የሚመለሰውንም "ይኸው ሲፈልግ ይተዋል" ብለን ጤነኛ እናደርገዋለን። ሚቲንግ ውስጥ አንዱ የራሱን ይናገራል፣ ሌላው ያዳምጣል፣ መልስ መስጠት ማቋረጥ አይወደድም። መጀመሪያ ዝምታው ግራ ያጋባል፣ ተናግራችሁ ስትጨርሱ "አመሰግናለሁ" ብለው ወደ ሌላው ማለፍ ምን ማለት ነው? በኋላ ግን ትከሻ ላይ የነበረው ነገር ቀለል ይላል። ነገሩ ከመነሻውም እንደዛ ነው፣ በፈረንጆች 1935 ኦሃዮ አክረን ውስጥ የጀመሩት አንድ የአክሲዮን ደላላና አንድ ሐኪም ናቸው፣ ሁለቱም ራሳቸው ጠጪዎች ነበሩ፣ ሐኪሙንም የረዳው ሕክምናው ሳይሆን እንደሱ ከሆነ ሰው ጋር ማውራቱ ነው።

ፈጣሪ ይነሳል፣ እሱን ቀድማችሁ እወቁ። አባሉ ከመጠጥ ለመውጣት የሚከተላቸው 12ቱ እርምጃዎች ላይ ስለ ፈጣሪ "እኛ በተረዳነው መጠን" የሚል አለበት፣ ማንንም ወደ አንድ ሃይማኖት አይጎትቱም ግን አንዳንዱ ሚቲንግ መጨረሻ ላይ አባታችን ሆይ ይደገማል፣ ሙስሊም ጓደኞቼ ይሄ ላይመቻቸው ይችላል፣ እንደዛ የማይል ሚቲንግ ፈልጉ። ስፖንሰር የሚሉት ደግሞ ቆየት ያለ አባል ነው፣ ሌሊት ሲጨንቃችሁ የምትደውሉለት፣ አምስተኛው እርምጃ ላይ ያጠፋችሁትን ሁሉ የምትነግሩት፣ እንደ ንስሐ አባት በሉት፣ ቀኖና የማይሰጥ። የፈጣሪ ነገር ጨርሶ የማይሆናችሁ ስማርት ሪከቨሪ የሚባል አለ፣ እሱ በስነልቦና ዘዴ ነው የሚሄደው፣ መነጋገርም ይፈቀዳል።

"ይሰራል ወይ?" ለሚል፣ በፈረንጆች 2020 ላይ ኮክሬን የሚባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት 27 ጥናቶች ከ10,000 በላይ ሰዎች ያሉባቸው ሰብስቦ አይቶ ነበር፣ ጨርሶ አለመጠጣት ላይ ኤኤና ወደ ኤኤ የሚመሩ ሕክምናዎች ከሌላው የተሻለ ውጤት ነበራቸው።

የቀነስኳት ኮከብ። ሚቲንግ ከሚቲንግ ይለያያል፣ አንዱ ምድር ቤት ውስጥ ነባሮቹ እርስ በርስ ሲስቁ አዲስ ሰው በር ላይ ቆሞ ይቀራል፣ ሁለት ብሎክ አልፎ ያለው ደግሞ ገና ሳትቀመጡ የስልክ ቁጥር ወረቀት ይሰጣችኋል። አንዱን አይታችሁ "ኤኤ አልሆነኝም" አትበሉ፣ ሌላም ሞክሩ። ደግሞ የሄድኩባቸው ሁሉ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ስለ ቤተሰብ ስለ ሀፍረት በእንግሊዝኛ ማውራት ለኛ ልብ አያደርስም፣ የኢንተርኔት ሚቲንጎችን የሚዘረዝረው የኤኤ ኦንላይን ኢንተርግሩፕ ላይ ግን በቋንቋ መርጦ መፈለግ ይቻላል።

አንድ ነገር ግን ሚቲንግ ውስጥ አይፈታም። በየቀኑ ብዙ የሚጠጣ ሰው በአንዴ ካቆመ መንቀጥቀጥ፣ የሌለ ነገር ማየት፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥ ሊመጣ ይችላል፣ ይገድላልም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪም። አሜሪካ ያላችሁ 1-800-662-4357 የመንግስት መስመር ነው፣ 24 ሰዓት፣ ነፃ፣ ሕክምና ያለበትን ይጠቁማሉ።

የምትጠጡት እናንተ ሳትሆኑ ባል ወይ ልጅ ከሆነ አል-አነን የሚባለውን ፈልጉ፣ እሱ ለቤተሰብ ነው፣ ጠጪው ባይመጣም እናንተ ትሄዳላችሁ።