አሮጌ ፔጆ ላላችሁ የድሬ ልጆች፦ ቤት ድረስ የሚመጣ መካኒክ አለ

ሰላም የድሬ ልጆች። የአባቴን ፔጆ 404 ሳቢያን መንገድ ላይ ኮፈኗ ተከፍቶ፣ እኔም ጀሪካን ይዤ አጠገቧ ቆሜ ያላያችሁ ብዙ አትሆኑም። አሁን ያቺው መኪና ወደ ሐረር የሚያወጣውን የደንገጎን ዳገት ወጥታ ሐረር ደርሳ ሳትፈላ ተመልሳለች። ይሄን የሠራልኝን ሰው በአደባባይ ላመስግን ነው የመጣሁት። ግቢው ውስጥ አሮጌ መኪና ያቆመ ሁሉ ደግሞ ይወቀው።

ስሜን እንዳትጽፍ ብሎ አስጠንቅቆኛል። "ሰው ከበዛ ሥራ ይበላሻል" ነው ያለኝ። ስለዚህ እዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ፤ ስልኩን የፈለገ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።

የመኪናዋ ችግር እንዲህ ነበር። ሜዳ ላይ ምንም አትልም። ዳገት ስትጀምር የሙቀት መርፌው ቀስ እያለ ይወጣል፣ ደንገጎ ሳንደርስ ትፈላለች። አንድ ጋራዥ ራዲያተር አስቀየረኝ፣ ዳገቱ ላይ ግን ያው ናት። ሌላው ቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክዳን) ይነሳ አለ። ከስሩ ያለው ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተቃጥሏል፤ ቴስታታው ብረት ወደሚላጭበት ቶርኖ ቤት ይሄዳል፣ ይላጫል፣ ብዙ ብር። ልሰጥ ትንሽ ሲቀረኝ ነው አንድ የገንደ ቆሬ ወዳጄ ጋሼን የጠቆመኝ።

ጠዋት በ12 ሰዓት መጣ። የያዛት ትንሽ ሳጥን ናት፣ እሷንም አልከፈታትም። መጀመሪያ የጠየቀኝ ራዲያተሩ ውስጥ ምን ውሃ እንዳለ ነው። ጋራዡ የቧንቧ ውሃ ሞልቶ ነው የሰጠኝ። ራሱን ነቀነቀ። የድሬ ውሃ ማንቆርቆሪያ ላይ የሚተወውን ነጭ ልባጭ የማያውቅ የለም፤ ያ ልባጭ ሞተር ውስጥም ይጋገራል፣ የራዲያተሩን ቀጫጭን ቱቦዎችም ይደፍናል። ዲስቲልድ (የተጣራ) ውሃ ከኩላንት ጋር አስገባ አለኝ። የራዲያተሩን ክዳን አገላብጦ ላስቲኩን በጥፍሩ ነካ ነካ አደረገና "ይሄ ጤነኛ ነው፣ እንዳትገዛ" አለ። እስከዚያ ቀን አትግዛ ያለኝ መካኒክ አጋጥሞኝ አያውቅም።

ከዚያ ለራዲያተሩ ንፋስ ወደሚሰጠው ቬንትሌተር ሄደ። የ404 ቬንትሌተር ሞተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ የሚዞር አይደለም። መሀሉ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት አለው። ውሃው 84 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ አንድ ስዊች ይዘጋል፣ ማግኔቱ ኤሌክትሪክ ያገኛል፣ ቬንትሌተሩን ሞተሩ በቺንጋ ከሚያዞረው ፑሌጃ ጋር ያጣብቀዋል። ሲበርድ ይለቀዋል። ፈረንሳዮቹ ይሄን የሠሩት ነዳጅ ለመቆጠብና ድምፅ ለመቀነስ ነው፤ መኪናዋ እኮ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣች ናት፣ ለዘመኑ ትልቅ ነገር ነው። ታዲያ ያን ሁሉ ጊዜ ቬንትሌተራችን ጭራሽ አይያዝም ነበር። ሜዳ ላይ ንፋሱ ያቀዘቅዛታል። በሁለተኛ ማርሽ እያቃሰተች ስትወጣ ግን ንፋስ የለም።

ጋሼ ሞተሩን አስነሳና ከባትሪ ቀጥታ ሽቦ ስቦ ለማግኔቱ ሰጠው። አልያዘም። "በል ስዊቹን እርሳው፣ በሽታው እዚሁ ነው" አለ። ሞተሩን አጥፍቶ ኤሌክትሪኩን ወደሚዞረው ቀለበት የምታደርሰውን ካርቦን አወጣት። አልቃ የጥፍር ቁራጭ አክላለች፣ ቀለበቱን አትነካም። ሳጥኑን ያን ጊዜ ነው የከፈተው። ከከረሜላ ቆርቆሮ ውስጥ የአሮጌ ዲናሞ ካርቦን አወጣ፣ መሬት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ዘርግቶ እያሻሸ፣ እያስገባ፣ እያወጣ፣ እንደገና እያሻሸ ልኳን አመጣት። ቀለበቱንም ጠረገ፣ በማግኔቱና በቬንትሌተሩ መሀል ያለውን ክፍተት በስስ ብረት ለካ። ሞተሩ ተነስቶ ሲሞቅ ቀጭ አለና ቬንትሌተሩ ተያዘ። ፊታችን ላይ ንፋስ መጣ። ራዲያተር የተቀየረለት፣ ቴስታታ ሊነሳለት የነበረው በሽታ ይቺ ካርቦን ነበረች።

ጋሼ ሥራ የለመደው ምድር ባቡር ወርክሾፕ ውስጥ ይሠራ ከነበረ ሰው እጅ ስር ነው። ባቡሩ ድሬ በ1895 ዓ.ም. ከገባ ጀምሮ እዚህ ከተማ ብረት የሚያውቅ ሰው ጠፍቶ አያውቅም፤ እነዚህ ሰዎች ዕቃ ከውጭ እስኪመጣ የሚጠብቅ ልብ የላቸውም። ጋሼም የወለቀውን ዕቃ ጋዜጣ ላይ ደርድሮ ያሳይሃል፣ ለምን እንዳለቀ ይነግርሃል፣ መፍቻውንም ያስይዝሃል። እኔ አሁን ቤንዚኑን በእሳት የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ አውጥቼ በቀለሙ፣ ቤንዚንና አየር የሚያደባልቀው ካርቡራተር ቤንዚን እንዳበዛ ማወቅ ችያለሁ። ከድሬ 1,200 ሜትር ተነስተህ ወደ 1,900 ሜትር ሐረር ስትወጣ አየሩ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ይበዛል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። የሐረር ፔጆ ታክሲዎች ካርቡራተር ለዚያው ከፍታ ነው የሚስተካከለው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ ፔጆ ላላችሁ በተለይ ይጠቅማል። የኋላ ጎማዎቹን የሚያዞረውን ዲፈረንሻሏን ሲያይ "ምን ዘይት ነው ያስገቡባት?" ብሎ ደነገጠ። የ404 ዲፈረንሻል እንደ ሌላው መኪና ብረት ከብረት አይደለም፤ እንደ ብሎን የተጠመዘዘ ብረት አንድ የነሐስ ጥርስ ያዞራል። ፋብሪካው በዘመኑ የሚያዘው የጉሎ ዘይት ያለበትን ነበር። የዛሬው አንዳንድ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ድኝ ያለው ቅመም አለበት፣ ያ ደግሞ ነሐሱን ይበላዋል። ሱቅ ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ "የዲፈረንሻል ዘይት" አትበሉ፣ ለነሐስ የሚሆን መሆኑን አረጋግጡ።

የቶዮታ ሞተር እንግጠምላት ስለውስ? ሳቀብኝ። የ404 ዘንግ ከካምቢዮው እስከ ዲፈረንሻሉ በወፍራም ቱቦ ውስጥ ነው የሚሄደው፣ ሁሉም አንድ ላይ የተያያዘ ነው። ሞተርና ካምቢዮ ስትቀይር የኋላውንም ልትቀይር ነው፣ ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር ለማስተካከል የምትመላለሰው ደግሞ ሌላ ጣጣ። "አቦ ይቺ ሞተር ምን በደለችህ? ይቺ መኪና የምሥራቅ አፍሪካን ሳፋሪ አራት ጊዜ በልታለች" አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያን የመኪና ውድድር በ1963፣ 66፣ 67 እና 68 እ.ኤ.አ. አሸንፋለች። የፈቀደልኝ ማሻሻያ ለፊት መብራቱ ሪሌ (ከባትሪ ቀጥታ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፍ ስዊች) መግጠም ብቻ ነው። በፊት የመብራቱ ኤሌክትሪክ ሁሉ በመሪው ስር ባለችው ማብሪያ ውስጥ ያልፍ ስለነበር ማብሪያዋ ትግላለች፣ መብራቱም ይፈዛል። አሁን ማታ መንገዱ ይታየኛል።

እንከኑንም ልናገር፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ከምሳ በኋላ አትፈልጉት፣ በርጫ ላይ ነው፣ ስልክም አያነሳም። ላሜራና ቀለም አይነካም። ኮምፒውተር ያለበት መኪና ካላችሁ ሌላ ሰው ፈልጉ። "ነገ" ካለ ነገ ላይሆን ይችላል። ዋጋውን ግን ሥራ ሳይጀምር ይናገራል፣ ዕቃ የምትገዙት ራሳችሁ ናችሁ፣ በመሀል ጭማሪ የሚባል ነገር የለም።

ጋሼ፣ ይሄን ልጅህ ካነበበልህ እግዜር ይስጥልኝ፣ እጅህ ይባረክ። እናቴም ዱዓዋን ልካለች፣ ሐረር ዘመድ ጥየቃ በአባቴ መኪና ከሄደች ስንት ዘመኗ ነበር።

የምትጽፉልኝ የመኪናችሁን ዓይነትና ሰፈራችሁን ጻፉ። ድምፅ ካላት ሞተሩ እየሠራ በስልክ ቅዱና ላኩልኝ፣ ብዙ ጊዜ ያንን ሰምቶ ነው ምን ዕቃ ይዞ እንደሚመጣ የሚወስነው። ከዋዜማው ጀምሮ መኪናዋን ጥላ ስር አቁሟት፤ ሞተር በርዶ ካላገኘ አይጀምርም።