ኢኤል 34 ወይስ ኬቲ 88?

አምፕሊፋየርዎ ሁለቱንም ቲዩብ (ድምፅ የሚያጎላ የመስታወት አምፑል) የሚቀበል ከሆነ ምርጫው የጆሮ ጉዳይ ነው። እኔ ለኢኤል 34 አደላለሁ። የዘፋኙ ትንፋሽ፣ የክራሩ ክር፣ የሳክስፎኑ ሻካራ ድምፅ ቀረብ ብሎ ይሰማል። መሃለኛው ድምፅ ሞላ ያለ ነው። ባሱ ግን ትንሽ ይለሰልሳል።

ኬቲ 88 ጉልበተኛ ነው። አኖዱ (ውስጡ ያለው ሳህን) 35 ዋት ይችላል፤ የኢኤል 34 ግን 25 ዋት ነው። ከበሮና ቤዝ ጊታር ጠበቅ ብለው ይወጣሉ። ስፒከርዎ ብዙ ኃይል የሚፈልግ ከሆነ እሱን ይያዙ።

ዝም ብሎ ነቅሎ መሰካት ግን አይሆንም! ኬቲ 88 ለማሞቂያው ክር 1.6 አምፔር ይፈልጋል፤ ኢኤል 34 ደግሞ 1.5 አምፔር። በአራት ቲዩብ ሲሆን ልዩነቱ 0.4 አምፔር ይደርሳል። ትራንስፎርመሩ ይህን መቻሉን መጀመሪያ ያረጋግጡ። ከዚያ ባያሱ (ሙዚቃ ሳይኖርም በቲዩቡ የሚያልፈውን ኤሌክትሪክ የሚወስነው ማስተካከያ) እንደ አዲስ ይስተካከል። ባያሱ ከልክ ካለፈ በቲዩቡ ውስጥ ያለው ግራጫ ሳህን እንደ ፍም ይቀላል። ያኔ ወዲያው ያጥፉት። ባያሱ ሳጥኑ ተከፍቶ የሚስተካከል ከሆነ ለባለሙያ ይስጡ። ውስጡ በመቶዎች የሚቆጠር ቮልት አለ፤ ሶኬቱ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ካፓሲተሮች ይዘውት ይቆያሉ።