ሰርቨር ላይ ዲስክ ከማስጨመራችሁ በፊት ይህችን ባለሙያ አማክሩ

የመሥሪያ ቤታችንን ሬይድ (ብዙ ዲስኮችን እንደ አንድ የሚያሠራውን አደረጃጀት) ላሰፋችልን እህታችን ከልብ እናመሰግናለን። እጇ ይባረክ! ሰርቨሩ በባለ 4 ቴራባይት አራት ዲስኮች፣ በሬይድ 5 (አንድ ዲስክ ቢሞት ዳታው የማይጠፋበት ዓይነት)፣ 12 ቴራባይት ይሰጥ ነበር፤ ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል።

ከእሷ በፊት የመጡት ያሳዝናሉ። አንዱ ባክአፕ አለ ወይ ብሎ እንኳ ሳይጠይቅ ዲስክ ሊነቅል ተነሣ። ሌላው «ሁሉን አጥፍተን እንደ አዲስ እንሥራው» አለ። ዲስክ አቅራቢው ደግሞ ኤስኤምአር የሚባለውን ዓይነት አመጣ። በዚህ ዓይነት ዲስክ ላይ ትራኮቹ (ዳታ የሚጻፍባቸው መስመሮች) ተደራርበው ስለሚጻፉ፣ ረጅም ጽሕፈት ሲበዛበት ፍጥነቱ ይወድቃል፤ መልስ ሲያዘገይም ሬይዱ የተበላሸ መስሎት ያስወጣዋል። ይህን ለሰርቨር ብሎ መሸጥ ነውር ነው። እሷ ሁሉንም አስመልሳ ትራኮቹ የማይደራረቡበትን ሲኤምአር አስመጣች።

ሥራዋን የጀመረችው ከባክአፑ አንድ ፎልደር መልሳ ፋይሎቹን ከፍታ በማየት ነው። ቀጥላ የሬይዱን ሙሉ የንባብ ፍተሻ አስኬደች። ማስፋት እያንዳንዱን ሴክተር (ዲስኩ ላይ ያለ ትንሽ የዳታ ክፍል) ያስነብባል፤ ለዓመታት ያልተነካ ፋይል ሥር የተደበቀ ብልሽት የሚወጣው ያኔ ነው። በዚያው መሃል ሌላ ዲስክ ከሞተ ሬይድ 5 ያንን ብልሽት የሚጠግንበት ፓሪቲ (የጠፋ ዳታን መልሶ ለማስላት የሚቀመጥ ተጨማሪ መረጃ) የለውም። ፍተሻው ሲያልቅ የሦስተኛው ዲስክ ስማርት ንባብ (ዲስኩ ስለ ራሱ ጤንነት የሚመዘግበው) ላይ በእንጥልጥል ያሉ፣ ለማንበብ ያስቸገሩ ሴክተሮች ተገኙ። መብራቱ ግን አረንጓዴ ነበር!

እዚህ ላይ ያየነው ጥንቃቄ ነው ይህን ያስጻፈን። በየስሎቱ (የዲስክ ማስገቢያው) ፊት የሴሪያል ቁጥሩን የመጨረሻ አራት አሃዞች በፕላስተር ላይ ጽፋ ለጠፈች። የታመመውን ዲስክ ቶሎ አልነቀለችም፤ አዲሱን አምስተኛው ስሎት ውስጥ አስገብታ፣ አሮጌው ሬይዱ ውስጥ እንዳለ ወደ አዲሱ አስገለበጠች። በዚህ መንገድ ጥበቃው ለአንድ ደቂቃም አይጓደልም፤ ቀድሞ መንቀል ግን ሬይዱን ራቁቱን ያስቀረዋል። ቅጂው ሲያልቅ አሮጌውን አወጣችና ሴሪያሉን በስክሪኑ ላይ ካለው ጋር አንድ በአንድ አስተያየች። ጤነኛውን ዲስክ ተሳስቶ መንቀል በዚህ ሙያ የታወቀ አደጋ ነው።

ከዚያ ሁለት ዲስኮች ጨምራ በስድስት ዲስክ ሬይድ 6 አደረገችው፦ 16 ቴራባይት፣ ሁለት ዲስክ ቢሞትም ዳታው አይጠፋም። ዳታውና ፓሪቲው በስድስቱም ላይ እኩል እስኪከፋፈል ጊዜ ይወስዳል፤ የሥራ ሰዓት ላይ የፍጥነት ገደቡን ዝቅ፣ ማታ ከፍ ታደርግ ነበር። ተጠቃሚ ሥራው አልተቋረጠበትም።

ብዙዎች እዚህ ያቆሙና «ዲስኩ ገብቷል፣ ቦታው ግን አልጨመረም» የሚል ጥሪ ይመጣል። እሷ ክፍፍሉ እንዳለቀ ፊዚካል ቮልዩሙን፣ ሎጂካል ቮልዩሙን (ሬይዱ ላይ ቦታ የሚከፋፈልባቸውን ሁለት እርከኖች)፣ በመጨረሻም ፋይሎቹ የሚቀመጡበትን ፋይል ሲስተም በቅደም ተከተል አሰፋች። የኛ ፋይል ሲስተም ኤክስኤፍኤስ የሚባለው ዓይነት ስለሆነ ከሰፋ በኋላ አይጠብም፤ ስለዚህ ለሌላ ሥራ የሚቀር ቦታ እንዳለ አስቀድማ ጠየቀችን። የብልሽት ማስጠንቀቂያ ኢሜይል እንደሚደርስም በሙከራ አረጋግጣ፣ ወርኃዊ ፍተሻ አስይዛ ሄደች።

ሰርቨራችሁ እየሞላ ከሆነ እባካችሁ እሷን ጥሩ፤ በውስጥ መስመር ጻፉልንና አድራሻዋን እንሰጣለን። ከመደወላችሁ በፊት የዲስኮቻችሁን ትክክለኛ ሞዴል፣ ባዶ ስሎት ስንት እንዳለና ባክአፑ የት እንደተቀመጠ አዘጋጁ፤ መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ ይህንን ነው።