«ጦቢያ» ወይስ «ትሬዠር አይላንድ»? ለአሥራ አንድና ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጆች

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላለ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ከሁለቱ መጻሕፍት አንዱን ምረጥ ብባል «ጦቢያ»ን አስቀድማለሁ።

የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት ሮም ላይ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1908 ነው፤ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ። ልጆችን የሚይዛቸው ግን ቀዳሚነቱ አይደለም። ዋህድ አባቱን ከምርኮ ለማስፈታት ገንዘብ የሰጠውን ነጋዴ ውለታ ሊመልስ ወጥቶ በባሪያ ፈንጋዮች እጅ ይወድቃል። መንትያ እህቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። «ይታወቅባት ይሆን?» የሚለው ስጋት ገጽ በገጽ እየጎተተ ይወስዳል፤ ሴት ልጆች ደግሞ ጀግናዋን የራሳቸው ያደርጓታል። አማርኛው የድሮ ስለሆነ ብቻውን የሚያነብ ልጅ ይደክማል፤ ማታ ማታ ጮክ ብሎ የሚያነብለት ሰው ያስፈልገዋል። መጨረሻው ላይ በታሪኩ ውስጥ ያለው ክርስቲያን ያልሆነ ንጉሥ ክርስትናን ይቀበላል። እስላምና ክርስቲያኑ ተጋብቶና ተዛምዶ በሚኖርበት ወሎ ልጆች ስለዚህ መጠየቃቸው አይቀርም። ወላጅ ገጹን ከመዝለል አብሮ አንብቦ ቢያወያያቸው በጣም እመክራለሁ።

የስኮትላንዳዊው ደራሲ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን «ትሬዠር አይላንድ» (እ.ኤ.አ. 1883)፣ በመርከብ ተጉዞ የተቀበረ ሀብት የመፈለግ ታሪክ፣ ይበልጥ ይፈጥናል። ባለታሪኩ ልጅ ጂም ፖም ሊያወጣ በርሜል ውስጥ ገብቶ የመርከበኞቹን ሴራ ሲሰማ መጽሐፉን የሚያስቀምጥ ልጅ ያለ አይመስለኝም። የሚከብደው መርከቡ ነው፤ ከሐይቅ ሌላ ሰፊ ውሃ ላላየ ልጅ ሸራውና ምሰሶው ባዕድ ስለሆኑ አስቀድማችሁ ሥዕል አሳዩት። የሚያነብለት ሰው ለሌለው ልጅ ግን በቀለለ ቋንቋ የተዘጋጀው የስቲቨንሰን ቅጂ ይሻላል።