ጥቁርና ነጭ ወፎች በጠራራ ፀሐይ፦ የኒኮን ኩልፒክስ ፒ950 ካሜራ ግምገማ

በሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ አሞራ ገደል በሚባለው የዓሣ ገበያ፣ ካሜራን የሚፈትኑ ወፎች በአንድ ቦታ ይገኛሉ። የዓሣ ትርፍራፊ የሚጠባበቀው አባ ኮዳ ጀርባው ጠቆር ያለ፣ ሆዱ ነጭ ነው። አይቢስ የሚባለው ወፍ ገላው ነጭ ሲሆን ራሱና አንገቱ ላባ የሌለው ጥቁር ነው። አየር ላይ ባለበት ክንፉን እያርገበገበ ቆይቶ ወደ ውኃው የሚወረወረው ዝንጉርጉር ዓሣ አጥማጅ ደግሞ ከጥቁርና ከነጭ በቀር ሌላ ቀለም የለውም። ኒኮን እ.ኤ.አ. በ2020 ያስተዋወቀውን ኩልፒክስ ፒ950 የፈተንሁት በእነዚህ ወፎች ነው።

አብዛኛው ሰው ይህን ካሜራ የሚፈልገው በ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ካሜራ ከ24 እስከ 2000 ሚሊ ሜትር ሌንስ ጋር ለሚመጣጠነው፣ 83 እጥፍ ለሚያቀርበው ሌንሱ ነው፤ አንድ ኪሎ ገደማ በሚመዝን ካሜራ ይህን ያህል ርቀት መሸፈን በእርግጥም ትልቅ ነገር ነው። እኔ ግን ከዙሙ ይልቅ የማከብረው ሮው ፋይል፣ ማለትም ሴንሰሩ የተቀበለውን ያልተጨመቀና ያልተቀነባበረ መረጃ ማስቀመጥ መቻሉን ነው። ከእርሱ በፊት የነበረው ፒ900 የሚያስቀምጠው ጄፔግ (ካሜራው ራሱ አቀነባብሮ የጨመቀውን ፎቶ) ብቻ ስለነበር፣ በጥቁር ላባ ውስጥ የተደበቀውን ዝርዝር በኋላ በኮምፒውተር ለማውጣት የሚተርፈው መረጃ እጅግ ጥቂት ነበር።

የመጀመሪያውን ጠዋት ያሳለፍሁት የብርሃኑን ልክ ለካሜራው ትቼ ነው፤ የአይቢሶቹም ክንፍ ላባው ከላባ የማይለይ ባዶ ነጭ ሆኖ ወጣ። ይህ የዚህ ካሜራ ብቻ ጠባይ አይደለም። የማንኛውም ካሜራ ብርሃን መለኪያ ፊት ለፊቱ ያለውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ግራጫ ሊያመጣ ስለሚሞክር፣ ከወፉ በስተጀርባ የጠቆረ ጭቃ ወይም ቄጠማ ሲኖር ብርሃን ይጨምራል፣ ነጩም ይቃጠላል፤ በስተጀርባው የሚያንጸባርቅ ውኃ ሲኖር ደግሞ ብርሃን ይቀንሳል፣ ጥቁሩም ይጨልማል። ፀሐይዋ ግን ወፉ ጭቃ ላይም ቆመ ውኃ ላይ ያው ናት። ስለዚህ ልኩን በእጄ ለመወሰን መምረጫውን ኤም ላይ አድርጌ፣ አይኤስኦውን (ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት) 100፣ አፐርቸሩን (የሌንሱን ቀዳዳ) በሙሉ ዙም በሚከፈተው ልክ ኤፍ 6.5፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) ደግሞ 1/1250 ሰከንድ ላይ ወሰንሁ። ለመደበኛ ቀለም 1/640 ይበቃል፤ ለነጭ ላባ ግን ብርሃኑን በግማሽ መቀነስ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የቀረኝ ሥራ ሂስቶግራሙን (የፎቶውን ብርሃን በስተግራ ካለው ጥቁር እስከ በስተቀኝ ካለው ነጭ የሚያሳየውን ሥዕላዊ መግለጫ) እያየሁ የነጩ ጫፍ በስተቀኝ ካለው ግድግዳ ጋር እንዳይላተም መጠበቅ ብቻ ነበር። የተቃጠለ ነጭ በምንም መንገድ አይመለስም፤ የጨለመ ጥቁር ግን በሮው ፋይል ውስጥ በመጠኑም ቢሆን ይመለሳል።

በመጠኑ የምለው በምክንያት ነው። ብርሃን የሚቀበለው ሴንሰር በትናንሽ የኪስ ካሜራዎች የተለመደው 1/2.3 ኢንች ስለሆነ፣ የጨለመው ክፍል በኮምፒውተር ከአንድ እርከን (ብርሃኑን እጥፍ ከማድረግ) ገደማ በላይ ሲደምቅ ጎልቶ የሚታይ ጩኸት (ፎቶውን የሚያሻክር ነጠብጣብ) ያመጣል። በተከታታይ ሲነሣም በሰከንድ 7፣ በአንድ ጊዜ ቢበዛ 10 ፎቶ ስለሚወስድ፣ ዓሣ አጥማጁ ሲወረወር ቀድሞ መጀመር ዋጋ ያስከፍላል። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ደግሞ ከሐይቁ የሚነሣው ሙቀት አየሩን ስለሚያንቀጠቅጠው፣ በሩቅ ያለ ወፍ በ2000 ሚሊ ሜትር ሲነሣ ጠርዙ ይሟሟል፤ ለዚህ የትኛውም ሌንስ መድኃኒት የለውም። በቀትር ፀሐይዋ አናት ላይ ስትሆን የአይቢስ ዓይን በጥቁር ራሱ ውስጥ ፈጽሞ ይጠፋል። ካሜራው ዋጋውን የሚያወጣው ከ1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ ፀሐይን ከጀርባ አድርጎ ለሚቆም ሰው ነው።

ከሁሉ የከበደኝ ግን አዲስ አበባ ውስጥ ሁላችንም የምናውቀው፣ ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው ቁራ ነው። ነጩ እጅግ ትንሽ፣ ጥቁሩ እጅግ ብዙ ስለሆነ፣ ማጅራቱን ለማዳን የተወሰነ ብርሃን የቀረውን ገላ ጥላ ያደርገዋል። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ላይ ዝቅ ያለችው ፀሐይ ደረቱን ስትመታው በ1/800 ሰከንድ ያነሣሁት ፎቶ በኤ4 ወረቀት ሲታተም፣ የማጅራቱ ላባ አንድ በአንድ፣ የክንፉም ሰማያዊ ቀመስ ነጸብራቅ ሳይቀር ይታያል።